ሙሚና ያላየችው ህልም

እስቲ ጠጋ በይ እህቴ። ወንድሜ ከሆንክም አትሂድ፣ የሴት ወሬ ብቻ አይደለም። ልጅ አሳድገሽ ከሆነ ግማሹን ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ፤ ካላሳደግሽም እናት ይኖርሻልና እሷን እያሰብሽ ስሚኝ። የማወራሽ ስለ ጋምቤላዋ ሙሚና ነው፤ ስለዋሸችው አንድ ውሸት። ሙሚና ደግሞ ውሸታም አይደለችም። አምስት ወቅት ሰላቷን የማታጓድል፣ ሰኞና ሐሙስ የምትጾም፣ የጎረቤት ድስት ተውሳ ባዶውን የማትመልስ ሴት ናት። ነገሩ የከበደውም ለዚህ ነው።

ከከሚሴ ወዲያ ካለች የገጠር ቀበሌ ነው የመጣችው። በአስራ ስምንት ዓመቷ ለፈረጅ ተዳረች። ስንት ቀን በአውቶብስ ተጉዛ ጋምቤላ ስትወርድ ሙቀቱ ፊቷን ቢመታት፣ «ይሄን አገር ማነው እሳት ላይ የጣደው?» አለች። ፈረጅ እስከ ዛሬ ይስቅባታል። ከዚያ ግን ለመደችው፤ ወለደችበት፣ አሳደገችበት። ልጆቿም አድገው ሄዱ። ሁዘይፋ ሪያድ ነው፤ አርብ አርብ ይደውላል፣ ሁሌም ሰው የሚጠብቀው ይመስል ይጣደፋል። ሳሚያ ጅማ አግብታለች። ፈይሰል ጁባ ሱቅ ከፍቷል። ሙሚና አሁንም ሩዝ ስታበስል እጇ ለስድስት ሰው ነው የሚሰፍረው። የተረፈውን ለጎረቤት ስትሰጥ «ዛሬ አበዛሁት» ትላለች፤ ዛሬ ብቻ የሆነ ይመስል።

ቤት የቀረችው የመጨረሻዋ፣ ነጅሚያ ናት።

ፈረጅ የባጃጅና የሞተር መለዋወጫ ይሸጣል። ነጅሚያ እዚያ ሱቅ ውስጥ፣ ብሎን ስትቆጥር፣ ካርቡራተር ስትፈታ ነው ያደገችው። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ፣ «ፈረጅ፣ አንተ ሽጥልን፣ ነጅሚያ ትፍታልን። አንተ የፈታኸው መልሶ አይገጥምም» እያሉ ያበሽቁታል። እሱም አይከፋውም። «እኔ መካኒክ ነኝ መቼ አልኩ? የመካኒክ አባት ነኝ» ይላቸዋል።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጎትተው ትራክተር ተበላሽቶ ፈረጅ ተጠራ። ልጅቷን ይዟት ሄደ። እሱ ትራክተሩን ሲፈታታ እሷ ቆማ አውሮፕላን ታያለች። የአውሮፕላኑ ሞተር ክዳን ተከፍቶ አንድ ቴክኒሻን መሰላል ላይ ወጥቶ ነበር። ልጅቷ አንገቷን ስታሰግግ አይቶ፣ «ምን ፈለግሽ?» አላት። «ነዳጁ በየት ነው የሚገባው?» አለችው። ሳቀና አጠገቡ ጠራት።

የዚያን ቀን ቤት ስትመጣ እህል አልቀመሰችም። «እማ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቁጥር አለው። አንዲቷ ብሎን እንኳ ማን እንዳጠበቃት ይጻፋል። ከረሳ ሰው ይሞታላ!» አለች። ዓይኗ እንዲያ ሲያበራ ሙሚና አይታ አታውቅም። ደስ አላት፤ ደግሞም ፈራች። አንድ ልጅ ዓይኑ እንዲህ ከበራ ቤት እንደማይቆይ ከሦስቱ ተምራለች።

አስራ ሁለተኛ ክፍል አለቀ፤ ውጤቱ መጣ። ነጅሚያ ሁለት መንገድ ተከፈተላት። አንዱ እዚሁ ጋምቤላ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ቀን ተምራ ማታ ቤቷ የምትገባበት። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለ የአቪዬሽን ኮሌጅ ነው፤ በአውሮፕላን ጥገና ዲግሪ፣ አራት ዓመት። ፈተናውን አልፋለች። በአካል ተገኝታ እስከ አርብ ካልተመዘገበች ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ፈረጅ፣ «ወጪውን ለእኔ ተዉት። የቀረውን እናትሽ ያለችው ይሁን» ብሎ ራሱን ከነገሩ አወጣ። ወንዶች ሲፈሩ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

ነጅሚያም እንደ ሌላው ልጅ ሻንጣዬን አምጡ አላለችም። ማታ እሄዳለሁ ትላለች፣ ጠዋት እቀራለሁ። «ሄጄ ብወድቅስ? አባስ ሱቁን ብቻውን? አንቺስ?» ትላለች። በመጨረሻ መጣችና፣ «እማ፣ እኔ መወሰን አቃተኝ። ኢስቲኻራ ስገጂልኝ» አለች።

ኢስቲኻራ ማለት ሰው ነገር ሲጨንቀው ሁለት ረከዓ ሰግዶ፣ ያ አላህ መልካሙን አንተ ምረጥልኝ ብሎ የሚለምነው ነው። በነሙሚና ቤት ደግሞ ልማድ አለ፤ ለልጅ የምትሰግደው ትልቋ ሴት ናት። ሰግዳ ትተኛለች፣ በህልሟ ያየችውን ጠዋት ትናገራለች፣ እሱ ይሆናል። ሙሚና ለፈረጅ ስትታጭ የሰገደችላት አያቷ ነበረች። «አረንጓዴ አየሁ፣ ትሂድ» አለች፤ ሄደች። መሄዱ መልካም ሆነ፤ ባሏ ደግ ነው። ግን እናቷ የሞተች ጊዜ ሙሚና የደረሰችው በአራተኛው ቀን ነው። አፈሩ ደርቆ፣ ሰው ተበትኖ፣ ማንም ከእሷ ጋር የሚያለቅስ አልቀረም ነበር። ይሄን ለልጆቿ ነግራቸው አታውቅም።

ሦስት ቀን ሰገደች። ሦስቱንም ቀን ምንም አላየችም። አንዴ ብቻ፣ የጠፋ ማንኪያ ስትፈልግ አደረች።

እሁድ ጠዋት ነጅሚያ ከሱብሂ ሰላት በኋላ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«አየሽ እማ?»

ሙሚና «አላየሁም» ልትል ነው አፏን የከፈተችው። ወላሂ እንደዚያ ልትል ነው። ልጅቷን አየቻት። ሻሿ ሸርተት ብሏል፤ ከጆሮዋ ስር ትላንት ሳታየው ያለፈችው የግሪስ ጠብታ አለ። ይሄን እዚያ ማን ያይላታል? አለች በሆዷ።

«አየሁ» አለ አፏ።

«ምን?»

«ባሮ ሞልቷል። ግንድ እየገፋ ይመጣል። አንቺ ማዶ ቆመሻል፤ ብጣራ አትሰሚኝም። በድልድዩ ልሻገር ብል ድልድዩ የለም።»

ከየት አመጣችው? እንጃ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት ራሱ ይጨርሳል። ህልሙ አልነበረም እንጂ ፍርሃቱስ የራሷ ነበር።

ነጅሚያ ብዙ አልቆየችም። «አልሃምዱሊላህ። አላህ ቀድሞ ነገረን» ብላ የእናቷን ጉልበት ሳመች፤ ተነስታ የቁርስ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ብታኮርፍ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ የምትወቀስበት ነገር ጠፋ። በሰዓቷ ትነሳለች፣ ትሠራለች፣ «እሺ እማ» ትላለች። ድሮ ቀትር ላይ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ከሱቅ ሮጣ ወጥታ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ «ይሄ ባለ ፕሮፔለሩ ነው» ትል ነበር። አሁን ቀና አትልም። ሙሚና ልጇን ቤት አስቀረቻት፤ ግን ያችን ሮጣ የምትወጣዋን ልጅ ናፈቀቻት። አጠገቧ ሳለች ናፈቀቻት። ሪያድ ያለው ሁዘይፋ እንኳ እንዲህ አልናፈቃትም።

ማክሰኞ ምሳ ይዛ ሱቅ ስትሄድ የነጅሚያ የፊዚክስ አስተማሪ፣ መምህር ስንታየሁ፣ እዚያ ቆሞ አገኘችው።

«በህልም?» ይላል። «ነጅሚያ፣ እኔ አራት ዓመት ያስተማርኩሽ ለህልም ነው?»

«መምህር፣ እናቴ እኮ ናት ያየችው» አለች ነጅሚያ፣ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ። «እናቴ ያላየችውን አትናገርም።»

ሙሚና የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሰላም ሳትል ወጣች።

ነገሩ እዚህ ቢቆም ኖሮ ምናልባት ዋጥ አድርጋው ትኖር ነበር። ጋምቤላ ግን ወሬ አይቆምም። ሙሚና ደግሞ ሰው የሚያምናት ሴት ናት። ወሩ መስከረም፣ ዝናቡ ገና አላባራም፤ ባሮም ደፍርሶ ዳር ዳሩን ይልሳል። እሮብ ጠዋት ኛሉዋል መጣች። ኛሉዋል ወንዝ ዳር አሳ አድርቃ የምትሸጥ ኑዌር ናት፤ ከሙሚና ጋር ሀያ ዓመት ተዋውቀዋል፣ ልጅ ሲወልዱ ተጠያይቀዋል።

«ሙሚና! ዳክ ላሞቹን አወጣ» አለች ገና ከበሩ። ዳክ ወንድሟ ነው።

«ከየት?»

«ከወንዝ ዳር። ሀያ ሦስት ላም። በጭቃ፣ በዝናብ፣ እስከ ላይ ድረስ። አንድ ጥጃ እግር ተጎዳ።»

«ምን ሆኖ ነው የሚያወጣቸው?»

«ምን ሆኖ ትያለሽ? አንቺ አይደለሽ ያየሽው? ባሮ ሞልቷል፣ ድልድይ የለም! እኔም አሳውን ሁሉ አወረድኩ፣ ቤት አስገባሁ። ባሌ በአሳው ሽታ ምክንያት ውጭ ነው የሚተኛው። እግዜር ይስጥሽ፣ ባትነግሪን ውሃ ይወስደን ነበር።»

እጇን ጨብጣ ሄደች። ሙሚና እጇን አየችው፤ አሳ አሳ ይላል። ታጠበች፤ አሁንም ይሸታል።

ከዙሁር ሰላት በኋላ ወደ ሼህ ሰዓድ ሄደች። ሼሁ መስጊዱ ግቢ ያለው ማንጎ ጥላ ስር ቁጭ ብለው ነበር።

«ሼህ፣ አንዲት የማውቃት ሴት አለች» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«እሺ።»

«ኢስቲኻራ ሰግዳ፣ ምንም ሳታይ፣ አየሁ ብትል ምን ይሆናል?»

ሼሁ፣ «ይቺ ሴት ልጅ አለቻት?» አሏት።

«አለቻት።»

«በህልሟ ባሮ ሞልቶ ነበር?»

ሙሚና ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ ማልቀስ ጀመረች። ሼሁ እስክትጨርስ ጠበቋት።

«ስሚኝ የሁዘይፋ እናት» አሏት። «መጀመሪያውኑ የሚሰግደው ጉዳዩ የራሱ የሆነ ሰው ነው። ሰግዶ፣ መክሮ፣ ልቡ ወዳዘነበለበት ይሄዳል፤ መልካም ከሆነ አላህ ያገራለታል፣ ካልሆነ ይመልሰዋል። ህልም ጠብቁ የተባለ የለም። እናንተ ናችሁ የጨመራችሁት።»

«ተጸጽቼ ተውባ አድርጌያለሁ ሼህ። ከእሁድ ጀምሮ ሌላ ዱዓ የለኝም።»

«የአላህን ሐቅ አላህ ይተውልሻል፣ እሱ ቸር፣ ከሪም ነው። የልጅቷ ሐቅ ግን እጅሽ ላይ ነው ያለው። አርብ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።»

«ብትጠላኝስ?»

ሼሁ አብሽሪ፣ አትጠላሽም ይሉኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። «እሱን አላውቅም» አሏት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። ፈረጅ ዕቃ ሊያወርድ ወጥቷል። ነጅሚያ አንድ ባጃጅ በጎኑ አስተኝታ ከስሩ በቁልፍ ብሎን ታጠብቃለች።

«ነጅሚያ።»

«አቤት እማ። ምሳ በላሁ እኮ።»

«ምሳ አይደለም። አላየሁም።»

«ምኑን?»

«ህልሙን። ምንም አላየሁም። ሦስት ቀን ሰገድኩ፣ የጠፋ ማንኪያ ስፈልግ ነው ያደርኩት።»

ልጅቷ ቁልፉን እንደያዘች ቀና አለች።

«ባሮስ?»

«ፈጠርኩት።»

«ድልድዩ?»

«እሱንም።»

ነጅሚያ ሳቅ አመለጣት፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እኔ እኮ እማ፣ አላህ ያልወደደልኝ መስሎኝ ነው። ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ። አውሮፕላን ስወድ የሰራሁት ወንጀል ምንድነው እያልኩ ስፈልግ ነው አራት ቀን የከረምኩት።»

ሙሚና ይሄን አላሰበችውም ነበር። ልጄ ትምህርቱ ይቀርባታል ብላ ነበር እንጂ፣ ልጄ ጌታዬ ጠላኝ ትላለች ብላ አላሰበችም። የጎማ ክምር ላይ ቁጭ አለች።

«አውፍ በይኝ» አለች። «የኔ ጥፋት ነው። አላህ የለበትም።»

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ? ያየሽውን ሳይሆን የምትፈልጊውን ንገሪኝ።»

«እኔማ እንድትቀሪ ነው የምፈልገው። ዛሬም፣ አሁንም። የናቴ ለት በአራተኛው ቀን ነው የደረስኩት ነጅሚያ። እኔም ስሞት አራት ቀን እንዳልጠበቅ እፈራለሁ። ሦስቱ ሄዱ፤ አንቺን ለማንም መስጠት አልፈልግም። ይሄ ነው እውነቱ።»

ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ።

«ታዲያ እንዲህ አትዪኝም ነበር?» አለች ነጅሚያ። «ነጅሚያ ቅሪልኝ ብትዪኝ እቀርልሽ ነበር እኮ። ወላሂ፣ እየሳቅኩ እቀርልሽ ነበር።»

«አሁንስ?» አለች ሙሚና። ባትጠይቅ ይሻል ነበር። ሰው ግን ይጠይቃል።

«አሁንማ ራሴ ልስገድ።»

እጇን በኦሞ እስከ ክርኗ አጠበች፣ ውዱዕ አደረገች፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ካርቶን አንጥፋ ሁለት ረከዓ ሰገደች። ግንባሯን ካርቶኑ ላይ እንደደፋች ቆየች። ምን እንዳለች አላህ ያውቃል። ሙሚና የጎማው ክምር ላይ ሆና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምንም አልለመነችም። ልጅቷ የምትለምነውን አሚን ብቻ አለች።

ነጅሚያ ስትነሳ ፊቷ ደርቆ ነበር። «እሄዳለሁ» አለች። አልተቆጣችም። አልሳቀችምም።

ማታ ፈረጅ ሲሰማ መጀመሪያ፣ «ሀያ ሦስት ላም ያስነሳሽው አንቺ ነሽ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ የሚስቱን ፊት አየና ተነስቶ የልጅቷን ሻንጣ ከአልጋ ስር ማውጣት ጀመረ።

ሙሚና በማግስቱ በጠዋት ኛሉዋል ቤት ሄዳ ነገረቻት። ኛሉዋል ወገቧን ይዛ ሰማቻት።

«አላየሽም?»

«አላየሁም።»

«አንቺ? ሙሚና? ዋሸሽ?»

«ዋሸሁ።»

«ለዳክ አንቺ ንገሪ፤ እኔ አልነግርም» አለችና ወደ ጓዳ ዞራ በቋንቋዋ ጮኸች። ምን እንዳለች ሙሚና አልገባትም፤ ባልየው ግን ደስ ብሎት የአሳውን ጆንያ እየጎተተ ሲወጣ አየችው። ዳክ ደግሞ ረጅም ሰው ነው፤ ከላይ ሆኖ ሲያያት ሙሚና ልጅ የሆነች መሰላት። ጨርሳ እስክትናገር ጠበቀና የተጎዳችውን ጥጃ አሳያት። እግሯን አስሮላታል። «ይድናል» አለ። ቀጠለና፣ «ጥጃ ሲወስዱበት ላምም ያብዳል» አለ። ሙሚና ለጥጃዋ ጨው አምጥታ አበላቻት።

ሐሙስ ቀትር ኤርፖርት ሸኟት። ፈረጅ ሲያወራ፣ ሲመክር፣ ያንኑ ምክር ሲደግም ቆየ። ነጅሚያ እናቷን አቀፈቻት፤ ግን ቶሎ ለቀቀቻት። ድሮ ለአንድ ሳምንት ጅማ ሳሚያ ጋ ስትሄድ እንኳ እንዲህ ቶሎ አትለቅም ነበር። ሙሚና የልጅቷን የአንገት ልብስ አስተካከለችላት፣ መስተካከል የሚፈልግ አልነበረም፤ ከዚያ፣ «ቢስሚላህ ብለሽ ግቢ። መርቄሻለሁ። ከልቤ ነው፣ ይሄኛው እውነት ነው» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ነጅሚያ።

አርብ ደውላ፣ «ተመዘገብኩ» አለች። አሁን ትምህርት ጀምራለች። ትደውላለች፤ «ደህና ነኝ እማ» ትላለች። ድሮ የምታወራትን ትንንሹን ነገር፣ ማን ምን እንዳላት፣ ምን እንዳሳቃት፣ ገና አታወራትም። ሙሚናም አትጎተጉታትም። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከች። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ የተፈታ ሞተር ከበው ቆመዋል። ሌሎቹ ካሜራውን ያያሉ፤ ነጅሚያ ሞተሩን ነው የምታየው። ሙሚና ፎቶውን በሁለት ጣቷ እያሰፋች ጉንጯን መረመረች፤ ከስታለች ወይስ አልከሳችም? እያሰፋች፣ እያሰፋች፣ ልጅቷ ጠፍታ ስልኩ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ቀረ። መልሳ አሳነሰችው።

ስትሰግድ «ያ አላህ መልሳት» ማለት ትጀምርና ምላሷን ትይዛለች። «ያ አላህ ጠብቃት» ትላለች። ይሄን ለማለት በየቀኑ እንደ አዲስ ትታገላለች።

በይ እህቴ፣ አንተም ወንድሜ፣ በየትኛውም ሃይማኖት ብትሆኑ፣ ዛሬ ስትጸልዩ ነጅሚያ የምትባል ልጅ አለች በሉና ስሟን ጥሩልኝ።